«ዳገት አይወጣልኝም»፦ ሞተር ልቀይር ወይስ መኪና? ጥያቄና መልስ

ስለ ሞተር ቅየራ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ በ18 ዓመት የጋራዥ ሥራ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለኝ፣ 1.3 ነው። አራት ሰው ጭኜ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ በአንደኛ ማርሽ ነው የምሳበው። 1.5 ሞተር ላስገባ ወይስ ሸጬ ሌላ ልግዛ?

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የመኪናህ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያጣል፤ ወደ እንጦጦ በወጣህ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ያንተ 2ኤንዜድ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 87 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ሽሮ ሜዳ ላይ 70 እንኳን አይሞላም። 1.5ቱ፣ 1ኤንዜድ የሚባለው፣ 109 ገደማ ነው፤ እዚህ ወደ 85 ይወርዳል። በሌላ አነጋገር 1.5ቱን አዲስ አበባ ላይ ስትነዳ የምታገኘው፣ ያው ያንተ 1.3 ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሰጠውን ጉልበት ነው።

ይሄ ትንሽ ነው ብዬ አላጣጥለውም። ዳገት ላይ በደንብ ይታወቃል። ሥራውም ከሞተር ቅየራ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሁለቱ ሞተሮች ወንድማማቾች ናቸው። የፒስተናቸው ስፋት እኩል 75 ሚሊሜትር ነው። የሚለያዩት ፒስተኑ በሚጓዘው ርቀት ነው፦ 73.5 እና 84.7። 1ኤንዜድ በቪትዝ አርኤስ ላይ ከፋብሪካው ተገጥሞ ስለወጣ ሱፖርቶ (የሞተሩን መያዣ) መበየድ፣ ሻንሲ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም። የሞተሩን ኮምፒውተር ግን ከራሱ ከ1.5ቱ ጋር አብረህ ውሰድ። በድሮው ኮምፒውተር አስነስተው የሚያስረክቡ አሉ። ይነሳል፣ ግን ነዳጁን በትክክል አይለካም።

ነገር ግን ሞተር ከማውረድህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ባለፈው ዓመት እንዳንተ «1.5 ግጠምልኝ» ብሎ አንድ ልጅ መጣ። መኪናውን ትንሽ ነድቼ መጣሁና አራቱንም ቸርኬ በእጄ ነካሁ። ሦስቱ ለብ ብለዋል። የፊት ቀኙ እጅ አያስነካም፣ ያቃጥላል። በክሪክ አንስቼ ጎማውን በእጅ ሳዞረው ግማሽ ዙር እንኳን ሳይሞላ ቀጥ አለ። ፍሬኑ ዝጎ ይዞ ቀርቷል፤ ልጁ ለወራት ፍሬን እንደያዘ ነበር የሚነዳው። ፍሬኑን አጸዳን፣ የአየር ፊልትሮና ካንዴላ ቀየርን፣ ሄደ። ሞተር አልገዛም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ፊልትሮውን፣ ካንዴላውን እይ። ማንዋል ከሆነ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጠው። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ችግሩ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው) ነው። ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት፣ አስለካ። እዚህ ከፍታ ላይ ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅ ማለቱ የማይቀር ነው፤ አትደንግጥ። ዋናው አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። አንዱ ብቻውን ከወረደ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ ሄዷል ማለት ነው። ያኔ ሞተር መግዛትህ ካልቀረ 1.5 ይሁን። አራቱም ጤነኛ ሆነው ሳለ ለተጨማሪ ጉልበት ብቻ ሞተር ማውረድን ግን እኔ አልመክርም።

ጥያቄ፦ 5ኤል ሃይሉክስ አለኝ፣ ጭነት ይዤ የዓባይን በረሃ እመላለሳለሁ። 1ኬዜድ ቱርቦ ላስገባ ወይስ ራሱ 5ኤሉ ላይ ቱርቦ ላስገጥም?

ሁለተኛውን ተወው። 5ኤል ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የተሠራ የናፍጣ ሞተር ነው። አየሩን የሚጨምቀው 22 ለ 1 ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ግፊት አይችልም። ጥቂት ወር ደስ ይልሃል። ከዚያ ጉዋርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ይበላል፣ ፒስተን ይሰነጠቃል። ከጎሃ ጽዮን ወርደህ ወደ ደጀን ስትወጣ በዚያ ሙቀት በመሃል መንገድ እንድትቆም አልፈልግም።

1ኬዜድ ሌላ ነገር ነው። ሊትሩ ከ5ኤል ጋር እኩል 3 ገደማ ሆኖ፣ ቱርቦ ስላለው ከ30 በላይ የፈረስ ጉልበት ይጨምራል። ቱርቦ ስሱን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም። ጣርማ በር ላይ ልዩነቱን ታየዋለህ። ግን የታወቀ ሕመም አለው፦ ከሞቀ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል። ስለዚህ ትልቅ ራዲያተር፣ ጤነኛ የውኃ ፓምፕ እና የሚሠራ የሙቀት ቆጣሪ የግድ ነው። ካምቢዮውንም (የማርሹን ሳጥን) አብረህ ውሰድ፤ የ5ኤሉ ካምቢዮ ያንን ጉልበት ለረጅም ጊዜ አይሸከምም። ኤሌክትሮኒክስ ያለው 1ኬዜድ ከሆነ ኮምፒውተሩና ሽቦው ሙሉ መሆን አለበት። በእኔ ልምድ ሞተሩ ራሱ ከጠቅላላ ወጪው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በነዚህ ያልቃል። ደምረህ እየው። ሃይሉክስህን ሸጠህ ቱርቦ ያለው ሃይሉክስ ለመግዛት ከምትጨምረው ብር ጋር ከተቀራረበ፣ ሽጠው።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው የምሠራው። ለወንድሜ ሞተር ገዝቼ ልላክለት?

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ሻርጃ የልባሽ ዕቃ ገበያው ሰፊ ነው፤ ከሶማሌ ተራ የተሻለ ምርጫ ታገኛለሽ። ባዶ ሞተር ግን አትግዢ። ከፊቱ የተቆረጠ መኪና ካገኘሽ ሽቦው፣ ኮምፒውተሩ፣ ካምቢዮው ሁሉ አብሮ ይመጣል። ሲነሳ በቪዲዮ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ነው ታዲያ። አስሙቀው ከጠበቁሽ የሚደብቁት ነገር ይኖራል። የዘይቱን ክዳን ከፍተሽ ውስጡን እዪ። ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካየሽ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ ጥለሽ ሂጂ። የሞተር ቁጥሩን ፎቶ አንሺ። ጉምሩክ ከፍለሽ ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ወረቀቱ) ለወንድምሽ እጅ ይድረስ።

ጥያቄ፦ የሊብሬው ነገርስ? መካኒኬ «ማንም አያይም» ይለኛል።

መካኒክህ ተሳስቷል። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ለየብቻ ተጽፈዋል። ሞተር ከቀየርክ የሞተሩን ግዢና ዲክላራሲዮን ይዘህ ሄደህ ማስቀየር አለብህ። አንድ ደንበኛዬ በደላላ ርካሽ ሞተር ገዛ። ገጥመን ጨረስን። ለምርመራ ሲቀርብ ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ ሆኖ ተገኘ። መኪናው አራት ወር ቆመ። ሰውየው በዚያ መኪና ነበር ልጆቹን የሚያሳድገው። ያን ቀን ሞተሩን ሳላጣራ በመግጠሜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ቁጥሩን በባትሪ አብርቼ፣ በጣቴ ዳብሼ ሳላይ ሞተር አላነሳም።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1990 ኮሮላ አለኝ፣ ካርቡራተር ነው። ጥቁር ያጨሳል፣ ጉልበትም የለው። ዕድሜዬ 67 ነው፣ ለከተማ ብቻ ነው የምነዳው።

ጋሼ፣ እርስዎ ሞተርም መኪናም አይቀይሩ። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ይመስለኛል። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭሱም ከዚያ ነው። ዋናውን የነዳጅ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ዝቅ የሚያደርግልዎ የካርቡራተር ሰው ይፈልጉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጉልበት ከፈለግን ኤሌክትሪክ አይሻልም?

ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ከፍ ያለ የነዳጅ መኪና ልግዛ ብትል ምርጫህ እዚሁ አገር ውስጥ ያለው ልባሽ ነው፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። በጉልበት ካየነው ኤሌክትሪክ ለኛ ከተማ የተሠራ ይመስላል። አየር ስለማይተነፍስ እንጦጦ ጫፍ ላይም ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ስትወርድ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ግቢህ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ከቻልክና ሥራህ ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ ለሞተር ቅየራ የያዝከውን ብር ለዚህ አስቀምጥ። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ ሳታስለካ ቀብድ አትስጥ። የዓባይ በረሃው ሰውዬ ግን ገና ናፍጣ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ሞተር የተቀየረ መኪና ስሸጥ ዋጋው ይወርዳል?

ሊብሬው ካልተስተካከለ አዎ፣ በጣም ይወርዳል። ከተስተካከለ፣ የኮምፕሬሽኑን ውጤት ጽፎ ከፈረመልህ ጋራዥ ወረቀት ጋር ገዢውን ቁጭ አድርገህ አሳየው። እኔ ለደንበኞቼ ጽፌ እሰጣለሁ፤ የአራቱን ሲሊንደር ቁጥር፣ የተለካበትን ቀን እና ኪሎሜትሩን።