የሰገራ ምርመራዬ ኔጌቲቭ ሆነ፤ የኮሎኖስኮፒ ቀጠሮዬን ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ58 ዓመት ሰው ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ተደርጎልኝ ትልቁ አንጀቴ ውስጥ ሁለት ፖሊፕ (ከአንጀት ግድግዳ ላይ የበቀለ ትንሽ ሥጋ) ተገኝቶ ወጣልኝ። ትልቁ 12 ሚሊሜትር ነበር፤ የፓቶሎጂው (የወጣው ሥጋ የተመረመረበት) ወረቀት «ቱቡሎቪለስ አዴኖማ» ይላል። በሦስት ዓመት እንድመለስ ተነግሮኛል። ቀጠሮው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ለሌላ ጉዳይ የጤና ምርመራ ሳደርግ ኤፍአይቲ የሚሉት የሰገራ ምርመራም ተሠራልኝና ኔጌቲቭ ሆነ። ያንን የአንጀት ማጠቢያ መድኃኒት ደግሜ ከምጠጣ ይሄ አይበቃኝም? ባለቤቴ ደግሞ 52 ዓመቷ ነው። ምንም የሚያማት ነገር የለም፣ በቤተሰቧ የአንጀት ካንሰር የታመመ የለም፣ ተመርምራም አታውቅም። ኮሎኖስኮፒ ትፈራለች። ለእሷስ የሰገራው ይበቃል?

መልስ፦ ለባለቤትዎ ይበቃል፤ ለእርስዎ አይበቃም። ሁለታችሁ የምትጠይቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደለም። የእሷ «ሳላውቀው ካንሰር ይኖርብኝ ይሆን?» የሚል ሲሆን ይህ ማጣሪያ ምርመራ ይባላል። የእርስዎ ግን «አንዴ ፖሊፕ ያበቀለው አንጀቴ መልሶ አብቅሎ ይሆን?» የሚል ነው፤ እሱ ክትትል ነው። የሰገራ ምርመራ ለመጀመሪያው ደህና መልስ ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ደካማ ነው።

ኤፍአይቲ ፖሊፕ አያይም፤ የሚፈልገው ደም ነው። በሰው ሄሞግሎቢን ውስጥ ያለውን ግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል። ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት የሚመጣ ደም ግሎቢኑ በመንገድ እየተፈጨ ስለሚያልቅ ምርመራው ላይ እምብዛም አይወጣም። ስለዚህ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚጠረጠረው ትልቁ አንጀት ነው። የእንስሳ ደም ስለማያሳስተውም ጓያክ እንደሚባለው የድሮ የሰገራ ደም ምርመራ ሥጋ መተው ወይም ቫይታሚን ሲ ማቆም አያስፈልግም።

ካንሰር ላዩ እየቆሰለ ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ ይደማል። ፖሊፕ ግን ለዓመታት አንዲት ጠብታ ሳያወጣ ሊቀመጥ ይችላል። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች መጀመሪያ ሰገራ ሰጡ፣ ከዚያ ሁሉም ኮሎኖስኮፒ ተደረገላቸው። ኤፍአይቲ ከካንሰሮቹ 74 በመቶውን ያዘ። ወደ ካንሰር ለመቀየር ከተቃረቡት ፖሊፖች ግን የያዘው 24 በመቶውን ብቻ ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ አመለጡት ማለት ነው። የእርስዎ የ12 ሚሊሜትሩ ፖሊፕ ከእነዚህ ወገን ነበር። ኮሎጋርድ በሚል ስም የሚታወቀው የሰገራ ዲኤንኤ ምርመራ በዚያው ጥናት ሻል ብሎ 92 እና 42 በመቶ አግኝቷል፤ ሆኖም ጤነኛውን ሰው በከንቱ ማስደንገጡም ይብሳል። ደግሞም የተፈቀደው አዴኖማ (ወደ ካንሰር ሊቀየር የሚችል የፖሊፕ ዓይነት) ኖሮባቸው ለማያውቁ ሰዎች ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም።

«ኔጌቲቭ» ማለት «ዜሮ» ማለት እንዳልሆነም ይወቁት። ላቦራቶሪው በአንድ ግራም ሰገራ ስንት ማይክሮግራም ሄሞግሎቢን እንዳለ ለክቶ ከተወሰነ መስመር በላይ ሲሆን ፖዘቲቭ ይላል። በብዙ ቦታ መስመሩ 20 ነው፤ የእንግሊዝ የማጣሪያ ፕሮግራም ግን ለዓመታት በ120 ሠርቷል። 90 የወጣለት ሰው አንድ አገር ኮሎኖስኮፒ ይታዘዝለታል፣ ሌላ አገር «ነፃ ነህ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል።

ሦስት ዓመት የተባሉትም በዘፈቀደ አይደለም። በ2020 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ 10 ሚሊሜትር የደረሰ፣ ወይም ቪለስ (ጣት መሰል) ክፍል ያለው አዴኖማ ለወጣለት ሰው ሦስት ዓመት ይላል፤ እርስዎ ሁለቱንም ያሟላሉ። የዚያው ዓመት የአውሮፓ መመሪያ ቪለሱን አይቆጥረውም፣ ግን በመጠኑ ብቻ እዚያው ሦስት ዓመት ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ፖሊፖችዎ ከ10 ሚሊሜትር ያነሱ ተራ ቱቡላር አዴኖማ ቢሆኑ ኖሮ በአሜሪካው መመሪያ ቀጠሮዎ ከ7 እስከ 10 ዓመት በሆነ ነበር። በተቃራኒው 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ እየተቆራረሰ የወጣ ፖሊፕ በስድስት ወር ይታያል። እንዲህ ባለ ክትትል ላይ ያለ ሰው በመሃል ኤፍአይቲ ባይሠራ ይመረጣል፤ ኔጌቲቩ ቀጠሮውን አያርቅም፣ የውሸት መረጋጋት ግን ይሰጣል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ከአራት ካንሰር አንዱን ሊስት የሚችል ምርመራ እንዴት ይበቃታል ቢሉ፣ ጉልበቱ መደጋገሙ ላይ ነው። ፖሊፕ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይፈጃል፤ ዘንድሮ ያልደማው ለከርሞ ሊደማ ይችላል። ስፔን ውስጥ ከ57,000 በላይ ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ግማሹን ለአንድ ኮሎኖስኮፒ፣ ግማሹን በየሁለት ዓመቱ ለኤፍአይቲ የጋበዘ ጥናት ነበር። በ10 ዓመት ውስጥ በአንጀት ካንሰር የሞተው ሰው ከኮሎኖስኮፒው ወገን 0.22 በመቶ፣ ከኤፍአይቲው 0.24 በመቶ ሆነ፤ እኩል ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ የሰገራውን ምርመራ እሺ ያለው ሰው ይበዛል።

ግን ግዴታ አለበት። በየዓመቱ (በአንዳንድ አገር በየሁለት ዓመቱ) መደገም አለበት፤ ፖዘቲቭ ከሆነም ኮሎኖስኮፒው አይቀርም። በዚህ ላይ ሰው በጣም የሚሳሳተው «ኪንታሮት ስላለብኝ ነው» ብሎ ኤፍአይቲውን ደግሞ በመሥራት ነው። ሁለተኛው ኔጌቲቭ ቢሆን የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ የሚደማ ነገር በየቀኑ አይደማም። ኮሎኖስኮፒው በሁለት ሦስት ወር ቢደረግ ጥሩ ነው፤ ከአሥር ወር ካለፈ የሚገኘው ካንሰር ደረጃው ከፍ ያለ የመሆን ዕድሉ እንደሚጨምር ታይቷል። መፍራቷን ስለነገሩኝ ይህን ከወዲሁ ብትስማማበት ይሻላል። ፖዘቲቭ ከወጣ በኋላ እምቢ የምትል ከሆነ የሰገራው ምርመራ ምንም አልጠቀማትም።

አሠራሩ ላይ ብዙ ይበላሻል። ሰገራው የመጸዳጃውን ውኃም ሽንትንም ሳይነካ በንጹህና ደረቅ ዕቃ ወይም ወረቀት ላይ ይቀመጥ። ከቱቦዋ ክዳን ጋር የተያያዘች ቀጭን ዘንግ አለች፤ ጫፏ ላይ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። የሰገራውን ገጽ አራት አምስት ቦታ እየጫረች መስመሮቹ እስኪሞሉ ብቻ ትውሰድ። የሚፈለገው 10 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ። «ይብዛልኝ» ብሎ ማጨቅ ልኬቱን ያዛባል። ዘንጓን መልሳ ቀጭ እስኪል ትዝጋ፣ ታወዛውዘው፣ ቀኑን ትጻፍበት፤ ቀን የሌለው ናሙና ይጣላል። ሙቀት ሄሞግሎቢኑን ስለሚያፈርሰው ደም ያለበት ናሙና ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳይቆይ፣ በዕለቱ ካልደረሰ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። የወር አበባ ላይ ከሆነች ወይም ኪንታሮት እየደማ ከሆነ ጥቂት ቀን ትቆይ። አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ ለዚህ ተብሎ አይቆምም።

በዓይን የሚታይ ደም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ በአይረን እጥረት የመጣ የደም ማነስ ወይም ሰንብቶ ያልተስተካከለ የአንጀት ጠባይ ለውጥ ካለ ግን ነገሩ ከማጣሪያ ይወጣል፤ ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው።

አሁን የእርስዎ ማጠቢያ። የሚያስጠላ መሆኑን አልክድም፤ ለሁለት መከፈሉ ግን ያቀለዋል። ግማሹ ከዋዜማው ማታ ይጠጣል፣ ሌላው ግማሽ ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው ተጀምሮ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ያልቃል። ሁሉንም ማታ የጨረሰ ሰው ሌሊቱን ከትንሹ አንጀት የሚወርደው ፈሳሽ የቀኝ በኩሉን መልሶ ይሸፍነዋል፤ ጠፍጣፋ ፖሊፕ የሚደበቀው ደግሞ እዚያው ነው። የአይረን እንክብል ካለ ከሳምንት በፊት ይቁም፣ ሰገራውን ያጠቁረዋል። ቀይና ወይን ጠጅ መጠጥ ደም ስለሚመስል ይቅር። ደም ማቅጠኛ፣ የስኳር መድኃኒት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ አስቀድመው ይንገሩ። በመጨረሻ የሚወጣው እንደ ሽንት ቢጫና ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ቡናማና ድፍርስ ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ።

ኮሎኖስኮፒም እንከን የለሽ አይደለም። ከአዴኖማዎች ሩብ ያህሉ፣ በተለይ ትንንሾቹ፣ ያመልጡታል። በማጣሪያ ኮሎኖስኮፒ ከ10,000 ሰው በ3ቱ ገደማ አንጀት ይበሳል፣ በ15 ገደማ መድማት ይከሰታል፤ ፖሊፕ ሲቆረጥ ይጨምራል፣ መድማቱም እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱን ተቀብለው ሦስት ነገር ይፈልጉበት፦ ካሜራው ሴከም (የትልቁ አንጀት መጀመሪያ) ድረስ መድረሱን፣ የቦስተን የንጽህና ነጥብን (ከ9 ነው፤ በእያንዳንዱ የአንጀት ክፍል ቢያንስ 2)፣ እና ሲወጣ የፈጀውን ጊዜ። ፖሊፕ ባልተገኘበት ምርመራ ካሜራው ከ6 ደቂቃ ባነሰ ከወጣ ተቻኩለዋል። ንጽህናው ካልሞላ «ደህና ነው» ቢባሉም የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ቀጠሮ አይቀበሉ፤ በዓመት ውስጥ ይደገማል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎ ፖሊፕ የባለቤትዎን ሥጋት አይጨምርም፤ የልጆችዎንና የወንድም እህቶችዎን ግን ይጨምራል። 60 ዓመት ሳይሞላው ከፍ ያለ (እንደ እርስዎ ትልቅ ወይም ቪለስ ያለው) አዴኖማ የተገኘበት ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው በአሜሪካው መመሪያ ከ40 ዓመቱ ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ እንዲደረግለት ይመከራል። «አባቴ ፖሊፕ ነበረበት» ማለት ብቻ ለሐኪሙ አይበቃውም፤ መጠኑና ዓይነቱ የተጻፈበትን የፓቶሎጂ ወረቀት አባዝተው ይስጧቸው።