ፐርማካልቸር ዲዛይነር ለመሆን ምን ያስፈልጋል? ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ሆኜ ልመልስላችሁ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት አመሻችሁ። ቃል በገባሁት መሰረት ቡናዬን አፍልቼ ቁጭ ብያለሁ፣ ስለ ፐርማካልቸር ዲዛይን ሰርተፍኬት ያሻችሁን ጠይቁኝ። እኔ ከወሰድኩት 6 አመት ሆነኝ፣ ከዛ ወዲህ እዚሁ ሐይቅ አጠገብ የራሴን ግማሽ ጥማድ ጓሮ እና የሰው 9 ቦታ ዲዛይን አድርጌያለሁ። አንዳንዱ አምሮበታል፣ አንዱ ደሞ አዋርዶኛል፣ እሱን ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ፐርማካልቸር ማለት ኦርጋኒክ እርሻ ማለት አይደል እንዴ? ለምን ሌላ ስም አስፈለገው?

አይደለም፣ ግን ዘመዳሞች ናቸው። ኦርጋኒክ እርሻ ምን እንደማትጠቀም ነው የሚነግርህ፣ ዩሪያ የለም ኬሚካል የለም ወዘተ። ፐርማካልቸር ደሞ ምኑ የት ይሁን ብሎ ነው የሚጠይቅህ። ዶሮው በየት በኩል ይሁን፣ ከጣሪያ የወረደው ውሃ ወዴት ይሂድ፣ ጎመኑ ከማድቤቱ በር ስንት እርምጃ ይራቅ። ስሙን ያወጡት ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን የሚባሉ አውስትራሊያ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ1978 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቋሚ የሚለውንና ግብርና የሚለውን ቃል አጋጥመው ነው የሰሩት።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ስልጠናው ስንት ጊዜ ይፈጃል? ፈተና አለው?

ቢያንስ 72 ሰአት። የትም ብትሄጂ ከዚህ አይወርድም፣ ከ72 በታች ከሆነ መግቢያ ኮርስ ነው እንጂ ሰርተፍኬት የሚያሰጠው አይደለም፣ ስለዚህ "በ3 ቀን ሰርተፋይድ ዲዛይነር" የሚልሽ ካለ ብርሽን ያዢ። ብዙ ጊዜ እዛው እያደሩ 2 ሳምንት ነው፣ ቅዳሜና እሁድ እየተሰበሰቡ ወራት የሚፈጁም አሉ፣ ኦንላይንም አለ። መጀመሪያ ሶስቱ ስነምግባሮች ይመጣሉ፣ መሬትን መንከባከብ፣ ሰውን መንከባከብ፣ የተረፈን መካፈል፣ ከዛ አየር ንብረት፣ ውሃ፣ አፈር፣ ዛፍ፣ የመሬት ቅርጽ ስራ፣ እንስሳት፣ ቤት አሰራር፣ ገበያና ማህበርም ሳይቀር። የወረቀት ፈተና የለም ማለት ይቻላል፣ ግን መጨረሻ ላይ እውነተኛ ቦታ ይሰጣችሁና ባለቤቱን ጠይቃችሁ፣ ለክታችሁ፣ ካርታ ስላችሁ ሰው ፊት ታቀርባላችሁ። እሱን ያላቀረበ ሰርተፍኬት አያገኝም። እኔ ሳቀርብ እጄ እየተንቀጠቀጠ ካርታውን ገልብጬ ነው የለጠፍኩት፣ ሰሜኑ ወደ ታች ሆኖ።

ጥያቄ፣ ከመርሳ፦ እኔ በግብርና ዲፕሎማ አለኝ ስራ ግን የለኝም። በዚህ ሰርተፍኬት መቀጠር እችላለሁ ወይ? ሰርተፋይድ ዲዛይነር የሚለውስ በማን ነው የሚታወቀው?

ወንድሜ እውነቱን ልንገርህ። ሲኦሲ፣ ማለትም የመንግስት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ አይደለም። ወረዳ ግብርና ይዘኸው ብትሄድ ለልማት ሰራተኛ መደብ አይቆጥሩልህም። አለምን ሁሉ የሚመራ አንድ ፈቃድ ሰጪ መስሪያ ቤትም የለውም፣ ያስተማረህ አሰልጣኝ ነው ፈርሞ የሚሰጥህ፣ ስለዚህ የወረቀቱ ክብደት የአሰልጣኙ ክብደት ነው። ከመመዝገብህ በፊት አሰልጣኙ የሰራውን መሬት አሳየኝ በል፣ ስላይድ ብቻ ካሳየህ ተወው። ከሰርተፍኬቱ ቀጥሎ ዲፕሎማ የሚባል አለ፣ እሱ ደሞ ቢያንስ 2 አመት መሬት ላይ ሰርተህ፣ የሰራኸውን ሰንደህ የምታቀርብበት ነው።

የት ይጠቅማል ካልከኝ፣ የተራድኦ ድርጅት ፕሮጀክት ላይ፣ ሎጅ ላይ፣ የትምህርት ቤት ጓሮ ላይ፣ እና አንተ የግብርና ዲፕሎማው ስላለህ በላዩ ሲጨመር ያምራል። የኔን የመጀመሪያ ስራ ግን ወረቀቱ አላመጣልኝም። አንዲት እናት በግንቦት፣ መሬቱ ሁሉ ተሰነጣጥቆ፣ በአጥሬ ቀዳዳ ጎመኔን አዩና "አንቺ ልጅ በዚህ ወር ይሄን ከየት አመጣሽው" አሉኝ። ገብተው አፈሩን ያለበስኩበትን ጉዝጓዝ በእጃቸው ገለጥ አድርገው ከስሩ እርጥብ አፈር ሲያዩ በሳምንቱ የሳቸውን ጓሮ ልሰራ ሄድኩ። ሰርተፍኬት እንዳለኝ ዛሬም አያውቁም።

ጥያቄ፦ ዋጋው እንዴት ነው?

በጣም ይለያያል። በአካል የሚሰጠው ምግብና መኝታ ስለሚጨምር ወደድ ይላል፣ የውጭ ኦንላይኑ በዶላር ነው። ግማሹን በጉልበት ላካክስ ወይ ስኮላርሺፕ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አያሳፍርም፣ እኔም እንደዛ ነው የገባሁት። ለመቅመስ ያህል አሜሪካ ያለው ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በነጻ የለቀቀው የመግቢያ ኮርስ ነበረ፣ ሰርተፍኬቱ አይደለም፣ ግን ነገሩ ይጥምህ አይጥምህ ታውቅበታለህ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ አብዛኛው ማቴሪያልም እንደዛው። ብቻ በአላህ ፍየል ሸጣችሁ እንዳትሄዱ።

ጥያቄ፣ ከኩታበር፦ እኔ 60 አመት አልፎኛል። እርከን ስንሰራ ነው የኖርነው። አሁን ደግሞ ከፈረንጅ ተማሩ ልትይን ነው?

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ይሄ ጥያቄ ባይነሳ ይገርመኝ ነበር። የኮንሶ እርከን በ2011፣ የጌዴኦ ጥምር እርሻ በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገባቸው ፈረንጅ ስላስተማራቸው አይደለም። ቆቦ በኩል ገበሬው ከተራራ የወረደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላው ላይ የሚያሰራጨው ኮርስ ወስዶ አይደለም። ሞሊሰን በ1981 እ.ኤ.አ. የተሸለመውን ራይት ላይቭሊሁድ የሚሉትን ሽልማት እኮ የኛው መላኩ ወረደ በ1989፣ ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ደሞ በ2000 ወስደውታል፣ በዘርና በገበሬ እውቀት ጉዳይ።

ግን ጋሼ አንድ ነገር ልጨምር፣ ካጠፋሁ ይቅርታ። ከ77ቱ ድርቅ በኋላ ስንዴና ዘይት እየተከፈለ የተሰራውን እርከን ያስታውሱታል፣ አሁንም በየአመቱ በጥር በዘመቻ እንሰራለን። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ሪፖርት ይላካል፣ በነሐሴ ሄደው ሲያዩት እርከኑ ላይ ምንም የለም፣ ከብት ረግጦት ግማሹ ፈርሷል። ለምን፣ ባለመሬቱን ምን ይብቀልልህ ያለው ሰው የለማ። እኔ ከስልጠናው ያገኘሁት እርከን መቆፈርን አይደለም፣ እርከኑ ጫፍ ላይ ደሾ ሳር፣ ከሱ ኋላ ሳስፓኒያ ወይ የርግብ አተር የሚባሉ የመኖ ተክሎች፣ ሳሩ ታጭዶ ለታሰረች ላም፣ የላሟ እበት ለኮምፖስት፣ እንዲህ አንዱን ካንዱ ማያያዝ ነው። ይሄንንም የኔ አያት ታውቀው ነበር፣ ካርታ ላይ አልሳለችውም እንጂ።

(ጋሼ መልሰው፦ "ላሟን ማሰሩ ነው ከባዱ ልጄ፣ እርከኑስ ቀላል ነው።" ወላሂ ከኔ መልስ ይሄ ይሻላል።)

ጥያቄ፣ ከሃርቡ፦ ኮንቱር ለማውጣት ምን መሳሪያ ያስፈልጋል? የመለኪያ መሳሪያ መግዛት አልችልም።

ምንም አትግዛ። ኮንቱር ማለት ዳገቱን በእኩል ከፍታ የሚያቋርጥ መስመር ነው። ሁለት እኩል የባህር ዛፍ አጣና፣ 2 ሜትር ገደማ፣ አናታቸውን አስረህ እግራቸውን ክፈት፣ ወገባቸው ላይ ሶስተኛ እንጨት አግድምና ምታው። ከአናቱ ገመድ አውርድ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰር፣ ገመዱ አግዳሚውን ነክቶ እንዲያልፍ። ኤ ፍሬም የሚሉት ይሄ ነው። አሁን ማስተካከሉ ነው ዋናው። ሁለቱ እግሮች የቆሙበት ላይ ችካል ምታ፣ ገመዱ አግዳሚው ላይ ያረፈበትን በቢላ ጫር አድርግ። ከዛ አዙረው፣ የግራው እግር የቀኙ ችካል ላይ ይቁም፣ እንደገና ጫር። የሁለቱ ጭረት መሀል እሱ ነው ልኩ። ከዛ በኋላ አንዱን እግር ተክለህ ሌላውን እያዞርክ ገመዱ መሀሉ ላይ ሲያርፍ ችካል፣ እንደገና ችካል፣ እያልክ ዳገቱን ታቋርጣለህ። ንፋስ ባለበት ሰአት ግን አትስራ ገመዱ ይጨፍርብሃል። ልማት ሰራተኞቹ በገመድና በውሃ ልክ የሚለኩትም ያው ነው፣ እሱ ሶስት ሰው ይፈልጋል፣ ይሄን ብቻህን ትሰራዋለህ።

ቃል የገባሁት ውርደት እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛው ደንበኛዬ ቦታ ላይ 30 ሜትር ርዝመት ያለው ቦይ በኮንቱር አስቆፈርኩ፣ ልኩ ልቅም ያለ ነበር፣ በሰኔ ውሃው እንደ መስታወት ተኝቶበት ፎቶ ሁሉ አንስቻለሁ። ማስተንፈሻ ግን አልሰራሁለትም። ይሞላል ብዬ አላሰብኩም። በሐምሌ አንድ ማታ እንደ ጉድ ዘነበና ቦዩ ሞላ፣ በደካማው ጎን በጥሶ ወጣና ከታች ያለውን የጎረቤት ባቄላ ይዞት ሄደ። ጠዋት ባርኔጣዬን ደፍቼ ስደርስ ሰውዬው ጭቃው መሀል ቆመው "ውሃሽ ማታ በእንግድነት መጥቶብን ነበር" አሉኝ። ከስድብ ሁሉ ያ ነው የቆጠቆጠኝ። ስኳርና ቡና ይዤ ሄጄ ታረቅን፣ አጨዳ ላይ 3 ቀን አብሬ ሰራሁ። አሁን ማንኛውም ቦይ ላይ መጀመሪያ የምስለው ሞልቶ ሲተርፍ የሚወጣበትን በር ነው፣ ከቦዩ ጠርዝ ዝቅ ብሎ፣ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ወደ ሳር የሚያፈስ። ዳገቱ በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ ደሞ ቦዩን ጭራሽ ተወው፣ እርከንና ዛፍ ይበቃሃል።

ጥያቄ፣ ከደሴ ገራዶ፦ የኔ ቤት ጣሪያ 40 ካሬ ነው፣ ሮቶ ልግዛ?

ቆይ እንቁጠር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። በአመት 1000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 40 ካሬው ላይ 40 ሺ ሊትር ይወርዳል፣ በፍንጣቂና በትነት አምስተኛውን ቀንሺ፣ 32 ሺ። የ2 ሺ ሊትር ሮቶ ግን ፍንጣቂው ተቀንሶም 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲዘንብ ይሞላል፣ እሱ ክረምት ላይ የጥቂት ቀን ዝናብ ነው። የቀረው ወዴት ሊሄድ ነው? ስለዚህ ሮቶውን ለመጠጥና ለማድቤት ግዢ፣ ትርፉን ግን በቦይ ወደ ፍራፍሬሽ ስር መልሺና አፈሩ ይጠጣው፣ አፈር ከሮቶ ይረክሳል። ከቤቱ መሰረት ግን ራቅ አድርጊ።

ጥያቄ፣ ከወገል ጤና፦ ደጋ ነን፣ ውርጭ ይገድልብናል።

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ነው፣ ማታ ቁልቁል ይፈስና ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። አጥርህ ዳገቱን አቋርጦ ድፍን ከሆነ አየሩን ይገድበዋል፣ ታች በኩል በር ክፈትለት። ስስ የሆነውን ተክል ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ድንጋይ ካብ ስር ትከል፣ ድንጋዩ ቀን የሞቀውን ማታ ይመልስለታል።

ጥያቄ፦ ዞን የሚሉት ምንድነው? ቪዲዮ አይቼ ግራ ገባኝ።

በቀን ስንቴ እንደምትሄጂበት ነው። ዜሮ ቤቱ ነው። አንድ፣ ጎመን፣ በሶብላ፣ ለቡናው ጤና አዳም፣ በነጠላ ጫማ ወጥተሽ የምትቀጥፊው። ሁለት፣ ዶሮና ፍራፍሬ። ሶስት፣ ማሳው። አራት፣ ማገዶና ግጦሽ። አምስት የማይነካ፣ እሱን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም፣ የቤተክርስቲያኑን ጽድና ወይራ፣ የወልዩ መቃብር ላይ ያለውን ዋርካ ማን ይቆርጣል። እኔ መጀመሪያ ጤና አዳሜን ለውበት ብዬ በሩ ጋ ተከልኩት፣ 40 እርምጃ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ልጅ ስልክ፣ ከአይኔ ርቆ ደረቀብኝ። አሁን ማድቤቱ ደጃፍ ነው።

ጥያቄ፦ ባህር ዛፉን ልንቀል?

አትንቀል፣ ባንክህ ነው። ከምንጭና ከእህል ብቻ አርቀው።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ ከመመዝገቤ በፊት ምን ልስራ?

ጓሮህን ሳለው። በደብተር፣ በእርምጃ ለክተህ። ፀሐይ በታህሳስ በየት እንደምትገባ፣ በሰኔ በየት፣ በልጉ ከመጣ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ክረምት ላይ አፈሩ የት እንደሚቦረቦር፣ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ። ዝናብ ሲጥል ሰው ወደ ቤት ሲሮጥ አንተ ዣንጥላ ይዘህ ውጣ። አንድ አመት ሙሉ ያየኸውን ይዘህ ስልጠና ብትገባ 72ቱ ሰአት ሁለት እጥፍ ይሆንልሃል፣ ባዶ እጅህን ከገባህ ግን የሰው አገር ፎቶ ስታይ ታልፋለህ።

ጥያቄ፣ ያው ከሐይቅ፦ እሺ፣ ቅርብ ነኝ፣ ኤ ፍሬምሽን ታውሺኛለሽ?

ና ውሰደው፣ ከዶሮ ቤቱ ጎን ተደግፏል። ገመዱን ግን ከአናቱ ፈተህ እንዳታስረው፣ ምልክቱ ይዛባብኛል።