ለአሮጌ ትራክተር ጥገና ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ለምትኖሩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ወይም ሆለታ አካባቢ ቤተሰባችሁ ትንሽ መሬት ላለው ወገኖቼ ነው። እኔም ረጅም ዘመን አሜሪካ ኖሬ ነው የተመለስኩት። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ። አንዱ የድሮ የጓሮ ትራክተር ከቤት ዕቃው ጋር በኮንቴይነር ይጭናል። ሌላው በአባቱ ጊዜ የተገዛውን ማሲ ፈርጉሰን «አድሱልኝ» ብሎ ዶላር ይልካል። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ሸራ ለብሰው ግቢ ጥግ ላይ ይቆማሉ። ዝም ማለት ስላቃተኝ በግልጽ እናገራለሁ።

1. ወረቀት

የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያችሁን አድሱ፣ ውክልናውን ከኤምባሲ ጨርሱ፣ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከመድረሱ በፊት የጉምሩክን የዛሬ መመሪያ ጠይቁ። ሕጉ ስለሚቀያየር የዛሬ ሦስት ዓመት ያመጣ ሰው የነገራችሁን አትመኑ።

2. የምታመጡትን እወቁ

የጓሮ ትራክተር ስል ሣር ብቻ የሚያጭደውን ቀላል ማሽን ማለቴ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አሜሪካ የተሠሩትን ጠንካሮቹን ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ለ1961 ያወጣው ከብ ካዴት፣ ጆን ዲር በ1963 የጀመረው 110፣ ዊል ሆርስም እንዲሁ። ብዙዎቹ ላይ የሚገኘው ሞተር ኮህለር ኬ የሚባለው ነው። አንድ ሲሊንደር አለው፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ ብሎኩ አሉሚኒየም ሳይሆን ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሲሊንደሩ ቢበላ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ያሰፋዋል፤ ከመጀመሪያው ልክ በ0.010፣ በ0.020 ወይም በ0.030 ኢንች የሚበልጥ ፒስተን ይገባለታል። ሞተሩ ደርቋል ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ትራክተር ስታገኙ ለዚህ ነው መሸሽ የሌለባችሁ።

ግን ከአቅሙ በላይ አትጠብቁ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። 12 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚያ ሲደርስ 9 ገደማ ነው የሚሰጣችሁ። ክረምት ላይ ዋልካ ያርስልኛል ብላችሁ ከሆነ ተዉት። ያንን በሬ ወይም ትልቁ ትራክተር ይሥራው። የጓሮው ትራክተር ሣር ያጭዳል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ ፍግና ውኃ ያመላልሳል፣ በበጋ ለስለስ ያለ የጎመንና የካሮት መደብ ያገላብጣል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

3. ጥገናው

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቀለም የተቀባ ትራክተር ካያችሁ ገንዘባችሁ ያለቦታው ወጥቷል።

መጀመሪያ ሞተሩ በእጅ ይዞር እንደሆነ ይታይ። ካልዞረ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ማስነሻውን፣ አታስነኩ። ካንዴላው (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው) ይፈታና ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ተቀላቅሎ በቀዳዳው ይፍሰስ፤ ለቀናት ይተኛበት። ከዚያ በቮላኖው (ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እያደረጉ ማላላት ነው። በጉልበት የታገለው ሰው ፒስተን ይሰብራል።

ቀጥሎ ሞተሩን የሸፈነው ቆርቆሮ ይውለቅ። ይህን የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው። የአንድ ጎረቤቴን ትራክተር ስንከፍት የማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል ጭድ፣ አቧራና ዘይት አንድ ላይ ተቦክቶ እንደ ግድግዳ ምርጊት ደርቆ ነበር። በካቻቢቴ ጫፍ እየፈለፈልን ስናወጣው ከሥሩ የአይጥ ጎጆ ወጣ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ክንፉ ከተዘጋ ይቃጠላል። አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ደግሞ ቶሎ ይቃጠላል። «የአሜሪካ ሞተር እዚህ አገር አይበረክትም» የሚሉ ሰዎች ያንን ቆርቆሮ አንድ ቀን ቢያወልቁት ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር።

ካንዴላው እሳት ካልሰጠ ኮንታክቱ (ኤሌክትሪኩን እየነካ የሚያቋርጠው ትንሽ ክፍል) ይታይ። ክፍተቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ ያረጀ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ይጋገራልና ሙሉ ለሙሉ ተፈትቶ ይታጠብ። ተነሥቶ ጥቁር ጭስ ካወጣ አትደንግጡ። ከዝቅተኛ ቦታ ወደ ደጋ የመጣ ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል። ብዙዎቹ ካርቡራተሮች ላይ ዋናው መርፌ በእጅ ስለሚስተካከል ጭሱ እስኪጠራ ድረስ ቀስ እያሉ ማጥበብ ይበቃል።

አሁን ሻንጣ ስታዘጋጁ ልብ በሉ። የአሜሪካ ቡሎን በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእኛ መካኒክ እጅ ላይ ያለው የ13 መፍቻ ነው። በዚያ ሲታገል የቡሎኑ ራስ ይላጫል፣ ከዚያ በብየዳ ማውጣት ይመጣል፣ ከዚያ ክሩ ይበላሻል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ሙሉ የኢንች መፍቻ ስብስብ ይምጣ። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ኮንታክት፣ ኮንደንሰርና የካርቡራተር መጠገኛም ሻንጣ ውስጥ ይግቡ። ቀላል ናቸው፤ እዚህ ግን ማግኘቱ ያደክማል። ባትሪ፣ ዘይት፣ ቀለምና ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ከውጭ አትሸከሙ። የኩሽኔታ ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ 6205 የትም ሄዳችሁ 25 በ52 በ15 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌውን ይዞ መርካቶ ሱማሌ ተራ መውረድ ይበቃል። ላሜራና ቁርጥራጭ ብረት ምናለሽ ተራ ይገኛል። የፊት ጎማው ቸርኬ ጠባብ የ8 ኢንች ከሆነ የባጃጅ ጎማ፣ 4.00-8 የሚባለው፣ ይገባለታል። ቸርኬው ሰፊ ከሆነ ግን አይቀመጥምና አታስገድዱት።

ስለ ማሲ ፈርጉሰን 135 አንድ ነገር ብቻ ልበል። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ዛሬም መለዋወጫ ይመረትለታል። የቤተሰብ ማሲ ካላችሁ ከአሜሪካ ሌላ ትራክተር ከማምጣት በፊት እሱን አስመርምሩ።

4. ገንዘቡ

እዚህ ላይ ነው የምቆጣው።

የማውቀው አንድ ቤተሰብ ሰበታ አጠገብ አለ። ታላቅ ወንድም ውጭ ነው፣ ታናሹ እዚህ ነው። በየወሩ ገንዘብ ይመጣል። ለሞተር፣ ለጎማ፣ ለመካኒክ፣ ለቀለም። በቴሌግራም ፎቶ ይሄዳል፤ ቀይ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ትራክተር። ታላቁ ለጥምቀት ሲመጣ «አብረን እንየው» ብሎ ጠራኝ። ጎንበስ ብዬ የሲሊንደሩን ራስ ቡሎኖች አየሁ። ቀለሙ በእያንዳንዱ ቡሎን ዙሪያ ምንም ሳይሰነጠቅ ተጋግሯል። አንዱም አልተፈታም። ከሥር በኩል ቀለሙ የተቀባው ከነጭቃው ነበር።

ታናሹ ሌባ ነው? አይደለም። ቤት ኪራይ ጨምሮበት ነበር። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶበት ነበር። ሐዘን ገብቶበት ነበር። ለጤፍ ላክልኝ ማለት አፍሮ ለጎማ ላክልኝ አለ። ይህን ያመጣነው እኛ ነን። ለማሽን ሲባል የሚዘረጋው እጃችን ለአስቤዛና ለልጅ ደብተር ሲባል ይጨበጣል። «ሥራ ላይ የሚውል ነገር ነው የምልከው» እንላለን። ሰውየው ሳይበላ የቱን ሥራ ነው የሚሠራው?

ስለዚህ ሁለቱን ለዩ። ቤተሰብ የምትረዱት ለብቻው ይሁን፣ የትራክተሩ ለብቻው። ቤተሰቡ የሚያስፈልገውን በግልጽ ጠይቁት፣ የቻላችሁትን በግልጽ ስጡት። ያን ጊዜ ለጎማ የላካችሁት ጎማ ይገዛል። ዘመድ ሥራውን እንዲከታተል ከፈለጋችሁ ደግሞ ለጊዜው ክፈሉት። «ወንድሜ ነው፣ ምን ይከፈለዋል» የሚለውን ነገር አቁሙ። ሱማሌ ተራ ደርሶ መመለስ ለእሱ አንድ ቀን ሙሉ ነው። ያን ቀን ሌላ ሥራ አይሠራም።

መካኒኩን በደረጃ ክፈሉ። ሞተሩ በእጅ ሲዞር አንድ፣ ሲነሣ ሁለት፣ በራሱ ሲሄድ ሦስት። ፎቶ አትቀበሉ። ቪዲዮ ጠይቁ፤ ሞተሩ ላይ መዳፍ ያሳርፉና ቀዝቃዛ መሆኑ ይታይ፣ ከዚያ ሳይቋረጥ ያስነሡት። የሞቀ ሞተርማ ማንም ያስነሣል። የወለቀው አሮጌ ፋሻና ኩሽኔታ በካርቶን ይቀመጥ፣ ስትመጡ ትቆጥሩታላችሁ። ይህ ጥርጣሬ አይደለም። ለሠራው ሰውም ማስረጃ ይሆንለታል።

ሌላም አለ። ብራችን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሆነ የላካችሁት ዶላር ብዙ ብር ይሆናል። ያ ዓይናችሁን አይሸፍነው። ከውጭ የሚገባው መለዋወጫም አብሮ ተወዷል። «እዚያ ርካሽ ነው» እያላችሁ በግምት አትላኩ፤ ዋጋው መጀመሪያ ተጠይቆ ይጻፍ።

የሚያንገበግበኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ በደርግ ጊዜ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲጠግኑ የኖሩ ጋሼ ነበሩ። ሞተር ሲነሣ ድምፁን ሰምተው የትኛው ቫልቭ እንደላላ ይናገሩ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ውጭ ነበርኩ። ለሠርግ ላኩ ሲሉኝ ልኬያለሁ፣ ለተዝካር ልኬያለሁ፣ ለሶፋ ልኬያለሁ። ከእሳቸው አጠገብ አንድ ልጅ ተቀምጦ እንዲማር የሚከፍል ግን ከመካከላችን አልነበረም። እሳቸው አረፉ፣ የሚያውቁትም አብሯቸው ሄደ። ዛሬ ያንን ጆሮ በምንም ዶላር አልገዛውም።

ስለዚህ ለዕቃ ከያዛችሁት ገንዘብ ጋር የሚስተካከል ለሰው ያዙ። ቴክኒክና ሙያ የጨረሰ፣ ሥራ ያጣ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ወንድም ይሁን ሴት፣ አንዱን ምረጡ። አንድ እውቀት ያለው አዛውንት መካኒክ ፈልጉና ሁለቱን አገናኙ። አዛውንቱም ይከፈላቸው፣ ተማሪውም በየወሩ ይከፈለው። የኢንች መፍቻው ስብስብ በስሙ ይሁን፣ ሥራው ሲያልቅም አትውሰዱበት። ኮንታክቱን ራሱ ያስተካክል፣ ካርቡራተሩን ራሱ ፈትቶ ይግጠም፣ ቢበላሽ ደግሞ ይሥራው። እናንተ ስልክ ስትደውሉ ከዘመዳችሁ በፊት እሱን አናግሩት። «ዛሬ ምን ከፈትክ? ምን አገኘህ?» በሉት። መልሱ አጭር ከሆነ ሥራው ቆሟል። ስለ አንድ ቡሎን ለግማሽ ሰዓት ካወራችሁ ግን ትራክተራችሁ ይነሣል። ያ ልጅ ነገ የጎረቤትን የውኃ ፓምፕ ይጠግናል፣ ከነገ ወዲያ የወፍጮ ቤቱን ሞተር ይከፍታል። ለእናንተ ብቻ እንዲሠራ አታስሩት።

5. ክረምት

ሰኔ ሳይጋመስ ቤንዚኑ ይውጣ፤ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው አልቆ እስኪጠፋ ሞተሩ ይሥራ። ዘይቱ ኤስኤኢ 30 ነው፣ በየ25 የሥራ ሰዓት ይቀየራል። ከክረምት በፊት ሰዓቱ ባይሞላም ይቀየር። ካንዴላው ተፈትቶ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ይግባና ሞተሩ በእጅ ይዙር። ጎማዎቹ ጭቃ ላይ እንዳይቆሙ በግንድ ወይም በድንጋይ ይደገፍ። ሸራ አጥብቃችሁ አታልብሱት፤ እርጥበት ያፍንበታል። ነፋስ የሚያገኘው ቆርቆሮ ጣራ ይሻለዋል። ልጁ በየሳምንቱ ብቅ ብሎ ሞተሩን በእጅ ያዙር፣ ጭድና አይጥ እንዳልገባ ይይ። ደመወዙን በክረምትም አታቋርጡ።