ማዕበል ወይስ ሞገድ? «ተለዋዋጭ ጭነት»ስ ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ ጎንደር የምማር የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ በአማርኛ «በባሕር ላይ ያሉ ቋሚ መዋቅሮች ተለዋዋጭ የማዕበል ጭነትን እንዲቋቋሙ መንደፍ» ብዬዋለሁ። ቃላቱ ልክ ናቸው?

መልስ፦ «መቋቋም»ን አይንኩት፤ ከ«ቆመ» የወጣ ነውና ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ሌሎቹ መታረም አለባቸው።

«ቋሚ» ሲባል «ቋሚ ሠራተኛ» እንደምንለው ዘላቂነትን ያሳስባል፤ «ባሕር ላይ» ደግሞ መርከብንም ይጨምራል። የእርስዎ መዋቅር እግሩ በባሕሩ ግርጌ የተቸነከረ ነው። ምሰሶ ይተከላል፣ ድንኳን ይተከላል፤ ይህም «የተተከለ» ነው።

«ጭነት» መዋቅሩ፣ ለምሳሌ የነዳጅ ማውጫ መድረክ፣ የተሸከመው ማሽንና ታንከር ነው፤ የውሃውን ከዚያው ከ«ጫነ» በወጣው «ጫና» ይለዩት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ተለዋዋጭ» ነው። መጋዘን የሚገባና የሚወጣ እህልም ተለዋዋጭ ነው፤ ወለሉን ግን አያወዛውዘውም። እዚህ የተፈለገው መዋቅሩ ራሱ መወዛወዝ ሲጀምር የሚጨመረው ኃይል ነው። ዥዋዥዌን ያስቡ፤ በራሱ ምት ከገፉት በትንሽ ግፊት ከፍ ይላል። በ3 ሰከንድ አንዴ የሚወዛወዝ መድረክን በየ12 ሰከንዱ የሚመላለስ ሞገድ ሲመታው፣ ውዝዋዜውን የሚያበርደውን ትተን ብናሰላ፣ ያው ጫና በዝግታ ቢያርፍበት ከሚያዘነብለው 1.07 እጥፍ ያህል ብቻ ያዘነብላል። ሞገዱ በየ4 ሰከንዱ ከመጣ ግን 2.3 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ «አወዛዋዥ» ይበሉት።

«ማዕበል»ም የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። በግእዝ «ማዕበል»ና «ሞገድ» ይቀራረባሉ፤ በዛሬው አማርኛ ግን ማዕበል የውሃው ቁጣ ነው፣ «ማዕበል ተነሣ» እንላለን። ሞገድ ይቆጠራል፣ ቁመቱም ይለካል። ጎርጎራ ወርደው ጣና ውስጥ የተተከለ ግንድ ቢያዩ፣ የሞገዱ ጫፍ ሲደርስ ውሃው ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ጎድጓዳው ሲደርስ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ባሕር ውስጥም ያለ ቁጣ ዘወትር የሚመላለሱት ትንንሽ ሞገዶች ምታቸው ለመድረኩ ምት ይቀርባል፤ መድረኩ የተሠራባቸውን ቱቦዎች ብየዳ ቀስ በቀስ በመሰንጠቅ ትልቅ ድርሻ አላቸው። «ማዕበል» ብለው ከጻፉ አንባቢዎ የሚያስበው ግዙፉን ብቻ ነው፣ እነዚህ ይረሳሉ።

እንግዲህ፦ «ባሕር ውስጥ የተተከሉ መዋቅሮች አወዛዋዥ የሞገድ ጫናን እንዲቋቋሙ መንደፍ»።