ማስቶዶን ላይ ጓደኛዬን ብፈልገው አላገኘሁትም፣ ገጼም ባዶ ነው፦ መልስ

ጓደኛዎን ያላገኙት ስሙን ብቻ ስለጻፉ ነው። ማስቶዶን እርስ በርስ የተገናኙ ብዙ ሰርቨሮች ያሉት ማኅበራዊ መረብ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ከአንዱ ሰርቨር ላይ ይመዘገባል። ጓደኛዎ የተመዘገበው ሌላ ሰርቨር ላይ ከሆነ የእርስዎ ሰርቨር እስካሁን ላያውቀው ይችላል። ሙሉ አድራሻውን ይጠይቁት፤ እንደ ኢሜይል ሁለት ክፍል አለው፦ @ስም@ሰርቨር። እንዳለ ገልብጠው መፈለጊያው ላይ ይለጥፉትና መገለጫው ሲመጣ ይከተሉት። የድሮ ጽሑፎቹ ላይታዩ ይችላሉ፤ ሰርቨርዎ በአብዛኛው የሚቀበለው ከተከተሉት በኋላ የሚለጠፈውን ነው። የቀደመውን ለማንበብ መገለጫውን በራሱ ሰርቨር ላይ ይክፈቱ።

ገጽዎ ባዶ የሆነው ገና ማንንም ስላልተከተሉ ነው። የሚመርጥልዎ አልጎሪዝም የለም፤ የተከተሉት ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ይመጣል። ከሰው በፊት ሁለት ሦስት ሃሽታግ (በ# የሚጀምር የርዕስ ቃል) ይከተሉ፣ ገጹ ቶሎ ነፍስ ይዘራል፤ ጥሩ ጸሐፊዎችንም ከዚያው ያገኛሉ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ በኋላ ሰርቨር መቀየር ቢያስፈልግዎ የድሮውን አካውንት ቀድመው አይሰርዙ። ብዙ ሰው ተከታዮቹን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

1. አዲሱ አካውንት ላይ የድሮውን አድራሻ ያስመዝግቡ።
2. ከድሮው ላይ የተከተሏቸውን ዝርዝር ያውርዱና አዲሱ ላይ ይጫኑ።
3. ዝውውሩን ከድሮው አካውንት ይጀምሩ።

ተከታዮችዎ ይዛወራሉ፤ ጽሑፎችዎ ግን እዚያው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ለ30 ቀን ድጋሚ መዛወር አይቻልም።