ቲሸርቱ ይቅር፣ ሰዓቱን ስጡን

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የስፖርትና የጤና ፕሮግራም እየጀመሩ ነው። ሠራተኛው ግማሹ ደስ ብሎታል፣ ግማሹ ተጨንቋል። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፣ የመሥሪያ ቤቶቹንም ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። በቅርቡ «የጤና ፕሮግራም» ተብሎ ቲሸርት ታደለን። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ 11፡30 ላይ ኤሮቢክስ አለ። በስልክ እርምጃ እየተቆጠረም በየወሩ አንደኛ የወጣ ይሸለማል። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ከቢሮ የምወጣው እየሮጥኩ ነው። ጥቂት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። አሁን አለቃዬ ስብሰባ ላይ «የማይሳተፉ አሉ» እያለ ወደ እኔ ያያል። የእርምጃው ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ስሜ ሁሌ ከታች ነው። ስፖርት ጠልቼ አይደለም፣ ወገቤን ያመኛል፣ መሥራት እፈልጋለሁ። ግን መቼ?
— አንባቢ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እኅቴ፣ አለቃሽ የሚለውን ከልብሽ አታስገቢው። ከሥራ መልስ የሚደረግ ፕሮግራም ልጅ የሚጠብቃትን እናት፣ ማታ የሚማረውን ልጅ፣ ቤቱ ሩቅ የሆነውን ሰው ሁሉ ገና ከጅምሩ ያስቀራል። በመጨረሻ የሚመጡት ድሮም ስፖርት ይሠሩ የነበሩት ብቻ ናቸው። እነሱ ያለ ፕሮግራሙም ይሠራሉ። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገው ላንቺና ላንቺ ዓይነቶቹ ነበር።

ስለዚህ የምትጠይቂው ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሥራሽን ጨርሰሽ ከወጣሽ በኋላ ያለው ጊዜ ያንቺ ነው። ከተመቸሽ ትመጫለሽ፤ ካልተመቸሽ ማንም ሰው ፊት ሊያሸማቅቅሽ አይገባም። መሥሪያ ቤቱ የእውነት ጤናችሁን ከፈለገ ከራሱ ሰዓት ቆርሶ ይስጥ። ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ከሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ። በቃ። ለቲሸርቱ የወጣው ገንዘብ ከዚህ የቀለለ አይመስለኝም።

ስንት ይበቃል ካልሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እንደ ሩጫ ያለ ጠንከር ያለ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ይጨመርበታል። 150 ሲባል ያስፈራል፤ ለአምስት ቀን ስታካፍይው ግን በቀን 30 ደቂቃ ነው፣ እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ ካልሆነ የሚል የለም። ቀድሞ «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» ይባል ነበር። በአዲሱ መመሪያ ያ ቀርቷል። አምስት ደቂቃም ይቆጠራል፣ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል፣ ልጅ ታቅፎ ከገበያ እስከ ቤት በፍጥነት መሄድም ይቆጠራል። መካከለኛ መሆኑን በትንፋሽሽ ታውቂዋለሽ፦ እየሄድሽ ማውራት ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን ያቅትሻል።

የእርምጃው ውድድር ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። 10,000 የሚባለው ቁጥር ከሐኪም ቤት የወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ጋር ተያይዞ የተስፋፋ ነው። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ከ60 ዓመት በታች ላሉ ሰዎች ጥቅሙ ከ8,000 እስከ 10,000 ባለው፣ ከዚያ በላይ ዕድሜ ላላቸው ደግሞ ከ6,000 እስከ 8,000 ባለው ላይ መጨመሩን እንደሚያቆም አሳይተዋል። ትልቁን ለውጥ የሚያገኘው ከታች የጀመረው ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውል የነበረና አሁን ትንሽ መራመድ የጀመረ ሰው፣ 15,000 የረገጠው የቢሮ ሯጭ ከጨመረው ይልቅ ለልቡ የጨመረው ይበልጣል። ሰንጠረዡ ግን ይህን አያሳይም፣ ሰውን ከማሳፈር በቀር። ማወዳደር የግድ ከሆነ እያንዳንዱ ከራሱ ካለፈው ወር ጋር ይወዳደር፣ ግድግዳውም ባዶውን ይደር።

አንቺ እስከዚያው እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ባጃጁን ከዚራ መግቢያ ላይ አስቁሚና የቀረውን በእግርሽ ግቢ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ የዛፉ ጥላ አለ፣ በዚያ ሰዓት አየሩም ገና አልጋለም። ቢሮ ውስጥ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ። ስልክ ስታናግሪ ቆመሽ አናግሪ። እጅሽን ሳትደግፊ ከወንበር አሥር ጊዜ ተነሥተሽ ተቀመጪ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ ሥሪ፣ ተረከዝሽን አንሥተሽ መልሺ። ይህ ለሁለቱ የጡንቻ ቀናት በቂ መነሻ ነው፣ ለወገብሽም ይረዳል። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ወይም እግርሽን የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ስፖርቱን ትተሽ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አለቃሽ ጋ ብቻሽን አትሂጂ። እንዳንቺ የተቸገሩ ሦስት አራት ሰዎች አታጪም። አብራችሁ ግቡና «ከ11፡30ው ፕሮግራም አንዱን ቀን ጠዋት ሥራ ከገባን በኋላ በሚደረግ የ15 ደቂቃ እንቅስቃሴ እንተካው፣ ለሁለት ወር እንሞክረው፣ ስንት ሰው እንደመጣ ይቆጠር» በሉት። አለቃ ቁጥር ይወዳል፣ ቁጥሩም ለእናንተ ይመሰክራል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፣ የመጋላ ልጅ ነኝ። የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ ነው የምሠራው። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። መሥሪያ ቤታችን ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ጀምሯል፣ ወጣቶቹ «አቦ ና እንጫወት» ይሉኛል። ከሰዓት ደግሞ እንደምታውቁት በርጫ አለ። ኳሱ ይጎዳኛል?

መልስ፦ መጫወት መፈለግዎ ደስ ይላል፣ ግን በኳስ አይጀምሩ። ኳስ ቆም፣ ፈጠን፣ ዞር ያለበት ነው። ዓመታት ሳይሮጥ የኖረ ልብና ጉልበት በአንድ ቅዳሜ እንዲህ ሲደረግ ይደነግጣል። መጀመሪያ ግፊትዎን ይለኩ። 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ተስተካክሎ እስኪወርድ ድረስ ስፖርት ይቆይ። ደህና ከሆነ ለአንድ ወር ተኩል ያህል በየቀኑ ወክ ያድርጉ፣ ከዚያ ሐኪምዎን አማክረው ሜዳ ይግቡ፣ መጀመሪያ ላይም በረኛ ይሁኑ።

ስለ መድኃኒትዎ ሐኪሙን ይጠይቁት። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ነው። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ በላብ የሚወጣው ሲጨመርበት ሰውነት ይደርቃል፣ ራስ ያዞራል። ሌላው ዓይነት ደግሞ የልብ ምትን ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ ስለዚህ የእጅ ሰዓት ላይ የሚታየውን የልብ ምት አይመኑ፣ ትንፋሽዎን ይመኑ።

ጫቱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል። መድኃኒቱ ሊያወርድ የሚታገለውን ጫቱ ይመልሰዋል። በርጫው የድሬ ሰው ወግና ጨዋታ የሚገናኝበት መሆኑን አውቃለሁ፣ ጓደኞችዎንም አይተዉ። ግን ግፊት ላለበት ሰው ቢቀር ነው የሚሻለው፤ ካልሆነ ይቀንሱት፣ ቅመው ደግሞ በፍጹም ስፖርት አይሥሩ። ደረት ላይ ጫና ወይም ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት ወዲያው ያቁሙ፣ ሰው ይዘው ሆስፒታል ይሂዱ። «እስቲ ይለፍልኝ» ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው። ቢሯችን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለን። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ፕሮግራሙ ይቁም ወይስ ይቀጥል?

መልስ፦ ይቀጥል፣ ግን ይለዝብ። ረመዳን ላይ ከአፍጥር በፊት ቀለል ያለ ወክ፣ ወይም ከአፍጥር በኋላ ምግቡ ረጋ ሲል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ጠዋት ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ይበቃል፣ ጠንከር ያለው ከተበላ በኋላ ይሁን። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። ሐረር ደግሞ ታድላችኋል፣ አየሩ ከድሬ የቀዘቀዘ ነው። የጀጎል ግንብ ዙሪያው ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ፈጠን ብሎ ለሚሄድ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከዚህ የተሻለ ጂም ማንም አይሠራላችሁም።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ባለ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሠራተኞቻችን አብዛኞቹ ቆመው የሚውሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለትሬድሚልና ለክብደት ማንሻ በጀት ተፈቅዶልናል። በየወሩ ሠራተኛውን መዝነን ውጤቱን ለመለጠፍም አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፣ ብዙዎች ገዝተው ነው የሚጠይቁት። ትሬድሚሉን አይግዙ። ስምንት ሰዓት ቆማ የዋለች ልጅ ማሽን ላይ እንድትሮጥ መጋበዝ ድካሟን አለማየት ነው። ቆሞ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደጋግሙ መዋል እንደ ስፖርት አይቆጠርም፤ እግር ያሳብጣል፣ ወገብና ትከሻ ይይዛል። ቢሮ የሚቀመጠው ሰው መነሣት ያስፈልገዋል። የእናንተዋ ሠራተኛ ደግሞ መቀመጥ፣ እግሯን ከፍ ማድረግ፣ አንገትና ትከሻዋን ማፍታታት ነው የሚያስፈልጋት። በየሁለት ሰዓቱ ለአምስት ደቂቃ መስመሩ ይቁም፣ ሱፐርቫይዘሩም አብሮ ያፍታታ። ሱፐርቫይዘሩ ቆሞ ሰዓት የሚያይ ከሆነ ማንም ዘና ብሎ አያፍታታም።

በበጀቱ ማረፊያ ወንበር፣ የእግር ማሳረፊያ፣ የመቆሚያ ምንጣፍ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሻወርና ለሴቶች የሚቆለፍ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይሥሩ። ሻወርና መቀየሪያ የሌለበት ፕሮግራም ሴቶችን ያስቀራል፤ በተለይ ሒጃብ የሚለብሱት ወንድ ፊት ስፖርት ሥሩ ሲባሉ ዝም ብለው ይቀራሉ፣ ከዚያ «ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። የሴቶች ብቻ ሰዓት ይመድቡላቸው፣ ምን እንደሚፈልጉም እነሱኑ ይጠይቋቸው። የብስክሌት ማቆሚያ ከጥላ ጋር ከሠሩም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ የድሬ ሜዳ ለብስክሌት የተመቸ ነው።

ሚዛኑን እባክዎ ይተዉት። የሰው ክብደት ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። የግፊትና የስኳር ምርመራ ማድረግ መልካም ነው፣ ግን ውጤቱ ለሠራተኛዋ በእጇ ይሰጥ፣ ለእርስዎ ክፍል አይምጣ። ሠራተኛዋ ውጤቴ ቅጥሬን ይነካል ብላ ከፈራች በጭራሽ አትመረመርም፣ ያላወቀችው ግፊት ውስጥ ውስጡን ይጎዳታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲኖር ይጠይቃል። ፕሮግራሙን ለዚያ ኮሚቴ ይስጡት፣ ከየሽፍቱ አንድ ሰው ይጨመርበት።

ሙቀት ሲበረታ ሠራተኛዋ ራሷን ካዞራት፣ ካቅለሸለሻት ወይም ቁርጥማት ከያዛት ሥራውን አቁማ ወደ ጥላ ትግባ፣ ውኃ ትጠጣ፣ ሰውነቷ ይቀዝቅዝ። መዘባረቅ ወይም ራስ መሳት ከመጣ ሰውነቷን በውኃ እያቀዘቀዛችሁ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። አዲስ የተቀጠሩት፣ በተለይ ከደጋ የመጡት፣ ሙቀቱን እስኪለምዱ አንድ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅባቸው በእነዚያ ቀናት ሥራውም ስፖርቱም ቀስ በቀስ ይጨመርላቸው። ውኃውን ከነገ ጀምሮ በየመስመሩ ያስቀምጡ፤ ሻወሩ እስኪሠራ፣ ወንበሩም ተገዝቶ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።