ሲያጎነብሱ የማይዘረገፍ የፍላጻ ኮረጆ

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ በእንጨት ደጋን እለማመዳለሁ። 8 የእንጨት ፍላጻዎች አሉኝ፤ ርዝመታቸው 29 ኢንች፣ ላባቸው 5 ኢንች ነው። ጀርባ ላይ የሚነገት ጠንካራ ኮረጆ ገዛሁ፤ ጥልቀቱ 60 ሴ.ሜ ነው። ከኢላማው ሥር የወደቀ ፍላጻ ለማንሳት ሳጎነብስ የቀሩት በጭንቅላቴ በኩል ይዘረገፋሉ። ላባዎቹ ከፊት ጫፋቸው እየተላጡ ነው፤ ማንገቻውም እየዞረ ያስቸግረኛል። ይህን ላስተካክለው ወይስ ሌላ ልግዛ? ለእንዲህ ያለ ልምምድ የቱ ዓይነት ይሻላል?

መልስ፦ ከሦስቱ ችግሮች ሁለቱ እዚያው ኮረጆ ላይ ይስተካከላሉ። መዘርገፉ ግን የጠንካራ የጀርባ ኮረጆ ባሕርይ ስለሆነ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ብዙ ሰው ኮረጆ የሚመርጠው ፍላጻ ሲመዝበት ምን ያህል እንደሚመቸው አይቶ ነው። ሜዳ ላይ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመሄድ፣ በማጎንበስና ሣር ውስጥ በመፈለግ ነው፤ ኮረጆ የሚፈተነውም ያኔ ነው።

ላባው የሚላጥበትን ምክንያት ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 29 ኢንች 73.7 ሴ.ሜ ነው። ከዚህ 60 ሴ.ሜ ኮረጆው ውስጥ ከገባ ውጭ የሚቀረው 13.7 ሴ.ሜ ብቻ ነው። ላባው 12.7 ሴ.ሜ ይወስዳል፤ የደጋኑ ጅማት (ገመዱ) ከሚገባበት ስንጥቅ ጫፍ እስከ ላባው ደግሞ ወደ 3 ሴ.ሜ አለ፤ ድምሩ 15.7 ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ላባ የፊት ጫፍ 2 ሴ.ሜ ያህል ከኮረጆው አፍ በታች ይገባል። ይህ ጫፍ የላባው ስሱ ቦታ ነው፤ ፍላጻውን ወደ ውስጥ በሰደዱ ቁጥር ጠርዙ ከሥሩ ይገባና ከዘንጉ ላይ ይፈለቅቀዋል።

ከላባው በታች ቢያንስ 5 ሴ.ሜ ባዶ ዘንግ ከአፉ በላይ መታየት አለበት። በእርስዎ ፍላጻ ልክ ጥልቀቱ ከ53 ሴ.ሜ መብለጥ የለበትም ማለት ነው። አሁን ያለውን ኮረጆ ለማዳን ለጫማ ሶል የሚሆን ጠጣር ስፖንጅ በክብ ቆርጠው፣ ከታች ደራርበው 8 ሴ.ሜ ያህል ይሙሉት። ለስላሳ የፍራሽ ስፖንጅ አይጠቀሙ፤ የፍላጻው ብረት ዘልቆት ይገባና ሲመዙት ቁርጥራጩን ይዞ ይወጣል። ከላይ አንድ ክብ ወፍራም ምንጣፍ፣ ጸጉሩን ወደ ላይ አድርገው ይለጥፉበት። የብረቱን ምት ያበርዳል፣ የመንቃጨቃጩንም ድምፅ ይቀንሳል። ውሃ እንዳይቋጥር ከሥር እስከ ምንጣፉ ድረስ የሚዘልቁ 3 ወይም 4 ቀዳዳዎች፣ እያንዳንዳቸው 5 ሚ.ሜ ስፋት ያላቸው፣ ይብሱለት።

የማንገቻው መዞር የሚመጣው ኮረጆው በሁለት ነጥብ ብቻ ስለሚያዝ ነው። ሦስተኛ ነጥብ ይስጡት፤ ከኮረጆው ታችኛው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚነሳ ቀጭን ጠፍር በብብትዎ ሥር አልፎ ዋናውን ማንገቻ ደረትዎ ላይ ይያዝ። ዋናው ማንገቻ ከ3.5 እስከ 4 ሴ.ሜ ስፋት ይኑረው፤ ከዚያ የጠበበ ትከሻ ይቆርጣል።

ወደ መዘርገፉ እንምጣ። ጠንካራ ቱቦ ፍላጻውን አይጨብጠውም፤ የሚይዘው የፍላጻው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ጀርባዎ ወደ መሬት ሲያዘነብል አፉ ከሥሩ ዝቅ ይላል፣ ያኔ የሚያግደው የለም። የጥንቱ ዓይነት ለስላሳ ቆዳ የጀርባ ኮረጆ እንዲህ አያደርግም፤ ማንገቻው ሲወጠር ቆዳው ራሱ ላይ ይታጠፍና ዘንጎቹን እንደ እጅ ይጨብጣቸዋል። ድምፅም አያሰማም። ችግሩ ፍላጻውን ሲመልሱ ነው፤ አፉ ተጨፍልቆ ስለሚቆይና ከጀርባዎ ስለማይታይ በዳሰሳ መፈለግ ይኖርብዎታል፣ ብረቱም ትከሻዎን ሊቧጭር ይችላል። ቆሞ ለሚተኩስ ጥሩ፣ በየ6 ፍላጻው እየሄደ ለሚሰበስብ አድካሚ ነው። ከቱቦው ጋር ለጊዜው የሚቆዩ ከሆነ በአፉ ውስጠኛ ጠርዝ ዙሪያ 4 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ጸጉራም የበግ ቆዳ ይስፉበት፣ ሲያነሱም ወገብዎን ሳያጥፉ በጉልበትዎ ይንበርከኩ።

ለእርስዎ ልምምድ የምመርጠው ከቀበቶ የሚንጠለጠል የጎን ኮረጆ ነው። ዓይንዎ ያየዋል፣ ሲንበረከኩ አፉ ወደ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ፍላጻ ሲመልሱም አይሳሳቱም። በቀኝ እጅ ጅማት የሚስብ ሰው በቀኝ ጎኑ ያስረዋል። ልኩን ላስረዳ።

ጥልቀቱ ከ42 እስከ 45 ሴ.ሜ ይበቃል። ታችኛው ጫፍ ጉልበትዎን ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ሲንበረከኩ መሬት ይነካና ኮረጆውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሲራመዱም ቅልጥምዎን ይመታል። የአፉን ስፋት የሚወስነው ላባው ነው። የአንድ ፍላጻ ላባ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ ወደ 3.5 ሴ.ሜ ስፋት ይይዛል። 7 ፍላጻ፣ አንዱ መሐል ሆኖ 6ቱ ሲከቡት፣ የ3 ላባ ስፋት ማለትም 10.5 ሴ.ሜ ክብ ይሞላል። 8 ሲሆኑ ወደ 11.5 ይደርሳል። ከዚህ ጠቦ ከሆነ ላባዎቹ ከአፉ በላይ ሆነውም ቢሆን እርስ በርስ ይተሻሻሉ። በጣም ከሰፋ ደግሞ 2 ወይም 3 ፍላጻ ብቻ ሲቀር በየአቅጣጫው ተበታትነው ይወላገዳሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ውስጡን በ3 የሚከፍል መለያ ነው፤ አንዱን ክፍል ለተጎዱ ፍላጻዎች ይተዉት፣ የተሰነጠቀ ዘንግ በስህተት ጅማት ላይ እንዳይወጣ።

አንጠልጣዮቹ ሁለት ይሁኑ፦ አንዱ ከአፉ አጠገብ፣ ሌላው ከሱ 15 ሴ.ሜ ያህል ዝቅ ብሎ ከኋላ በኩል። የታችኛው ዘለበት ኖሮት የሚረዝምና የሚያጥር ቢሆን ዘንበላውን በእሱ ያስተካክላሉ። ለክፍት ሜዳ ላባዎቹ በትንሹ ወደ ፊት ያዘንብሉ፤ እጅ ሳይጠማዘዝ ይደርስባቸዋል። ቁጥቋጦ መሐል የሚሄዱ ከሆነ ግን ላባዎቹ ወደ ኋላ እንዲሆኑ ገልብጠው ይሰሩት። ቅርንጫፍ ከፊት ሲመጣ ላባዎቹን አይመታም፤ ከኋላዎ የሚከተል ሰው ካለ ርቀቱን እንዲጠብቅ ይንገሩት።

ከተዘጋጁት መሐል የሚገዙ ከሆነ መጀመሪያ የሚያዩት ሥሩን ነው። ከሥር አንድ ነጠላ ቆዳ ብቻ የተሰፋበት ኮረጆ ብዙም ሳይቆይ ይበሳል። ቀጥሎ ማንገቻው የተያያዘበትን ቦታ ይዩ፤ በስፌት ብቻ የተያዘ ከሆነ ሪቬት ያስጨምሩበት። የፒቪሲ ቱቦ ኮረጆም ይሠራል። 110 ሚ.ሜ የሚባለው ከውስጥ ትንሽ ይጠባል እንጂ ለ7 ፍላጻ ይሆናል። ግን ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ በቆዳ ካልተጠቀለለ ዘንጉን ይፈቀፍቃል፤ ድምፁም ለኔ ጆሮ የማይታገሡት ነው።

ራስዎ የሚሰፉት ከሆነ በዕፅዋት የለፋ፣ 3 ሚ.ሜ ያህል ውፍረት ያለው ቆዳ ይያዙ። ቁመቱ 45፣ የላይ ወርዱ 39፣ የታች ወርዱ 28 ሴ.ሜ ሆኖ ይቆረጥ። ይህ ሲጠቀለል ከአፉ 11.5፣ ከሥሩ 8 ሴ.ሜ ክብ ይሰጣል፤ ለስፌት የሚሄደው 8 ሚ.ሜ በየጎኑ ተቆጥሮበታል። ወርዱ እየጠበበ የሚሄድ ቁራጭ ሲጠቀለል አፉ ሙሉ በሙሉ ዝርግ አይሆንም፣ ከተሰፋ በኋላ በቢላ ያስተካክሉት። የወስፌ ቀዳዳው በየ5 ሚ.ሜ ይበሳ። ክሩ ሰም የተቀባ፣ ርዝመቱም የስፌቱ 4 እጥፍ ይሁን፤ ለዚህ ወደ 2 ሜትር ይበቃል። በሁለት መርፌ፣ ከሁለቱም ወገን በአንድ ቀዳዳ እያለፉ ይስፉ፤ እንዲህ ሲሰፋ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ለሥሩ 1 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው የእንጨት ክብ አስገብተው ከጎን በ6 ትንንሽ ምስማር ይምቱት፤ ምንጣፍና የውሃ ቀዳዳ እዚህም አይርሱ።

ቆዳዎ ከ3 ሚ.ሜ የሳሳ ከሆነ ወይም በሸራ የሚሰፉ ከሆነ በስፌቱ ጎን አንድ ቀጭን ዘንግ አብረው ይስፉበት፤ ኮረጆው እንዳይታጠፍ ያደርገዋል። ብልሃቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘውና ኦትዚ የሚባለው፣ ከ5000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው ኮረጆ ከአጋዘን ቆዳ የተሰራ ሲሆን በጎኑ እንዲህ ያለ የእንጨት ዘንግ ነበረው። ውስጡ 14 ፍላጻዎች ነበሩ፤ ላባና ስለት የነበራቸው ግን 2 ብቻ ናቸው።

ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ የሚተኩሱ ከሆነ መሬት ላይ የሚተከል 8 ሚ.ሜ ብረት፣ 45 ሴ.ሜ ከፍታ ላይ ቀለበት ያለው፣ ርካሽና ምቹ ነው። የፍላጻዎቹ ጫፎች ግን እርጥብ አፈር ላይ አይቁሙ፤ የእንጨት ዘንግ ከጫፉ ውሃ ይጠጣል። ከሥራቸው ክዳን ወይም ጣሳ ያድርጉላቸው። ደጋኑ ላይ የሚታሰረውን ዓይነት ለልምምድ አልመክርም። የደጋኑን ክብደትና ሚዛን ይለውጣል፣ ፍላጻ በተመዘዘ ቁጥርም ሚዛኑ እንደገና ይለወጣል።

በዝናብ ጊዜ የተፈጥሮ ላባ ይተኛል፤ ላባዎቹን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍነው ይጓዙ። ቤት ሲገቡ ፍላጻዎቹን ከኮረጆው አውጥተው ያድርቁ። ቆዳ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ እዚያው ካደሩ የብረት ጫፎቹ ይዝጋሉ። ሌላ ማሳሰቢያ፣ ስለታም የአደን ጫፍ በዚህ ዓይነቱ ክፍት ኮረጆ ፈጽሞ አይያዝም። ከኢላማ ፍላጻ ሲነቅሉም ከጎን ይቅረቡ፤ የተተከለው ፍላጻ ኋላ ጫፍ ለሚያጎነብስ ሰው በዓይን ልክ ነው።

የተጎዱት ላባዎችዎ አብዛኞቹ ይድናሉ። የተላጠውን ጫፍ ከድሮው ማጣበቂያ ይጥረጉ፣ አዲስ ጠብታ ያድርጉበት፣ ሲደርቅ በቀጭን ክር 4 ወይም 5 ዙር ከፊት ጫፉ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጠምጥሙና በክሩ ላይ ትንሽ ማጣበቂያ ይቀቡ። የተጨማደደውን ላባ ደግሞ ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ዘንጉን እያዞሩ ለጥቂት ሰኮንድ ይያዙት፤ እያዩት ይነሳል። ከዚያ በላይ አያቆዩት፣ ማጣበቂያው ሊላላ ይችላል።